ከማውቀው ሰው ነው የመጣው

ከጅቡቲ መሀል ከተማ 12 ኪሎ ሜትር ወጣ ብሎ የኢትዮጵያ ከባድ መኪኖች ተራ ይዘው ይቆማሉ። ፔካ 12። ሾፌር ወደ ጋላፊ ድንበር ከመነሳቱ በፊት ኮንቴይነሩ በር ላይ የተመታውን ማሸጊያ ያያል። ቁጥሩን ከወረቀቱ ጋር በጣቱ እየነካ ያስተያያል። አንድ አኃዝ ከተሳተ አይነሳም። "ይሄ የኔ አይደለም" ብሎ ትራንዚተሩ ጋ ይደውላል።

ወረቀቱ የመጣው በኢሜል ነው። ከማን እንደተላከ ያስተያየ የለም።

፨

"ከማታውቁት ሰው የመጣ አታችመንት አትክፈቱ።" በየሥልጠናው የሚሰጠው ምክር ይህ ነው። ትራንዚት ቢሮ የምትሠራ ጸሐፊ ግን ደመወዝ የሚከፈላት ከማታውቃቸው ሰዎች የመጣ አታችመንት እንድትከፍት ነው። ከሻንጋይ፣ ከሙምባይ፣ ከመርሲን፣ ከጀበል አሊ። ኢንቮይስ፣ ፓኪንግ ሊስት፣ ቢል ኦፍ ሎዲንግ፣ አራይቫል ኖቲስ፣ ዴሊቨሪ ኦርደር። አንዱን ሳትከፍት ብታሳድር ኮንቴይነር ይቆማል። የቆመ ኮንቴይነር ዲመሬጅ፣ የመዘግየት ክፍያ፣ ይቆጥራል፤ እሱም በዶላር ነው።

ምክሩን የጻፈው ሰው እሷ ወንበር ላይ ተቀምጦ አያውቅም።

፨

"ሎተሪ ደርሶሃል" የሚለው ኢሜል ፔካ 12 ላይ ማንንም አያታልልም። ይስቁበታል። "የመርከቡ መድረሻ ቀን ተለውጧል፤ አባሪውን ይመልከቱ" የሚለውን ግን ሰው ሁሉ ይከፍተዋል።

ኤጀንት ቴስላ የሚባል ሰላይ ፕሮግራም አለ። ከ2014 ጀምሮ ይታወቃል። (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመቶች ከአዋጅ ቁጥሩ በቀር እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ኪቦርድ ላይ የሚጻፈውን ይለቅማል። ብሮውዘር ውስጥ ሴቭ የተደረገ ፓስወርድ ይሰበስባል። ስክሪኑን ፎቶ ያነሳል። ከሚለብሳቸው ልብሶች አንዱ የመርከብ ሰነድ ነው። ከገባ በኋላ ስክሪን አይጠቁርም፤ ገንዘብ ክፈሉ የሚል ጽሑፍ አይመጣም። ኮምፒውተሩ እንደ ትናንቱ ይሠራል።

አንድ ቢሮ ውስጥ አንቲቫይረስ አላችሁ ወይ ብዬ ጠየቅሁ። "አያስፈልገንም፤ ኮምፒውተራችን ፈጣን ነው" አሉኝ።

፨

መኪኖቹ ከሚቆሙበት ፊት ለፊት ሰነድ የምታትም ሴት አለች። አንድ ኮምፒውተር፣ አንድ ፕሪንተር፣ አንድ ቬንትሌተር። ሾፌሮች "እህቴ፣ ይቺን አውጪልኝ" ይሏታል። ግድግዳው ላይ በእጇ የጻፈችውን ለጥፋለች፦ "ፍላሽ ሳይመረመር አይሰራም።" ታደርገዋለችም። ፍላሽ ስትቀበል መጀመሪያ አንቲቫይረስ ታስነሳለች፤ እስኪጨርስ ትጠብቃለች። ሰልፉ ቢረዝምም አትቸኩልም።

ቀጣዩ ሾፌር ፍላሽ አልያዘም። በኢሜል ተልኮለታል። ኪቦርዱን ትሰጠዋለች። ኢሜሉን ይከፍታል፣ ፋይሉን ያወርዳል፣ ሁለት ጊዜ ይጫነዋል፣ ታትምለታለች። ምርመራ የለም። ሲሄድ ኢሜሉን አይዘጋም። ከሱ በኋላ የመጣው የሱን ደብዳቤዎች እያየ ነው ሎግ አውት የሚለው።

ለምን ብዬ ጠየቅኋት። "ቫይረስ የሚመጣው በፍላሽ ነው" አለችኝ፤ እርግጠኛ ሆና።

አንድ ትውልድ የተማረው ይህንን ነው። ፎልደሩን ሁሉ ሾርትከት የሚያደርገው ቫይረስ በየኢንተርኔት ካፌው፣ በየዩኒቨርሲቲው ላቦራቶሪ፣ በየቀበሌው ጽሕፈት ቤት ከፍላሽ ወደ ፍላሽ ሲዛመት ኖሯል። ስንቱ የመመረቂያ ጽሑፉን አጥቶበታል። ትምህርቱ በደንብ ገብቷል። መግቢያው ግን ከተለወጠ ቆይቷል።

፨

የአታሚዋ ስክሪን ላይ አንድ ፋይል አየሁ። ስሙ "ቢኤል ኮፒ ዶት ፒዲኤፍ" ይላል። ምልክቱም የፒዲኤፍ ነው፣ ቀይ። አጠገቡ ሌሎች ፒዲኤፎች አሉ። እነሱ ላይ ግን "ዶት ፒዲኤፍ" የሚል ጭራ አይታይም፤ ዊንዶውስ ሲመጣ ጀምሮ የሚያውቃቸውን ፋይሎች ጭራ ይደብቃል። ታዲያ የዚህኛው ለምን ታየ? ከኋላው ሌላ ጭራ ስላለ ነው።

ፋይል ኤክስፕሎረር፣ ቪው፣ ሾው፣ ፋይል ኔም ኤክስቴንሽንስ። ስሙ ወዲያው ረዘመ፦ "ቢኤል ኮፒ ዶት ፒዲኤፍ ዶት ኢኤክስኢ።" ሰነድ አይደለም። ፕሮግራም ነው። ቀዩ ምልክት የተለጠፈበት ነው።

ማን እንዳወረደው አታውቅም። የዚያን ቀን የገባው ሰው ብዙ ነው። ሳይከፈት አጠፋነው፤ ሪሳይክል ቢኑንም ባዶ አደረግን። ተከፍቶ ይሆን አይሆን ግን በመሰረዙ አይታወቅም። ኮምፒውተሩን ሙሉውን እንድታስመረምር፣ ፓስወርዶቿንም ከሌላ ስልክ እንድትቀይር ነገርኋት። "እሺ፣ ዓርብ ሰው ሲቀንስ" አለች።

በሌላ ቀን ስመለስ ጭራዎቹ እንደገና ተደብቀዋል። አንዱ ደንበኛ የፋይሉን ስም ሲቀይር ጭራውን አብሮ ሰርዞት አልከፈት ብሎታል። "አበላሸሽብኝ" ብሎ ጮኸባት። ከሰው ከምትጣላ ወደ ነበረበት መለሰችው።

፨

ሜይ 4፣ 2000። ከማኒላ የተነሳ ኢሜል ዓለምን አዳረሰ። ርዕሱ "እወድሃለሁ" ይላል፣ በእንግሊዝኛ። አባሪው የጽሑፍ ፋይል ይመስላል፤ እውነተኛው ጭራው ተደብቆ ነበር። የከፈተው ሰው አድራሻ መዝገብ ውስጥ ላለው ሁሉ ራሱን ላከ። ተጠርጣሪው ቢታወቅም ክሱ ውድቅ ሆነ፤ ፊሊፒንስ በጊዜው ለዚህ የሚሆን ሕግ አልነበራትም። በዚያው ዓመት ሕግ አወጣች።

ዊንዶውስ ጭራውን ዛሬም ይደብቃል።

፨

"ከማውቀው ሰው ነው የመጣው።"

ኮምፒውተሩ የተበላሸበት ሰው ሁሉ ይህንን ይላል፤ ራሱን ለመከላከል። አብዛኛውን ጊዜም እውነቱን ነው። በማርች 1999 የወጣው ሜሊሳ የሚሠራው እንዲህ ነበር፦ የከፈተውን ሰው አድራሻ መዝገብ ይገልጥና የመጀመሪያዎቹን 50 ሰዎች ይመርጣል። ደብዳቤው "ከእገሌ የመጣ አስፈላጊ መልእክት" ይላል፤ እገሌ የተባለው ወዳጅህ ነው።

ኢሞቴት የባሰ ነበር። በ2014 የባንክ ሌባ ሆኖ ጀመረ። ኋላ ላይ ከተጠቁ ኮምፒውተሮች እውነተኛ የኢሜል ምልልሶችን እየሰረቀ እዚያው ምልልስ ውስጥ መልስ ሆኖ ይገባ ጀመር። ትናንት ስለ 2 ኮንቴይነር ሩዝ ጽፈሃል እንበል። ዛሬ በዚያው ርዕስ ሥር፣ ከዚያው ሰው ስም፣ "የተስተካከለው ይኸውልህ" የሚል ይመጣል። የበርካታ አገሮች ፖሊሶች ተባብረው በጃንዋሪ 2021 ሰርቨሮቹን ያዙ። በኖቬምበር ተመለሰ።

፨

ፓስወርድ ያለው ዚፕ ፋይል። ፓስወርዱ እዚያው ኢሜል ውስጥ ተጽፏል። ቁልፉ ከደብዳቤው ጋር ከመጣ ማንን ለመከላከል ነው የተቆለፈው? አንቲቫይረሱን። የተቆለፈ ዚፕ ውስጥ ማየት አይችልም።

አንድ ልምድ ያላቸው ትራንዚተር ይህን ስነግራቸው ጸጥ ብለው አሰቡና "እኔ እኮ ፓስወርድ ያለውን ነበር የማምነው" አሉ።

፨

ከፔካ 12 የራቀ የሚመስል፣ ግን የእኛው የሆነ ጉዳይ።

ኪዳኔ እውነተኛ ስሙ አይደለም፤ ለደኅንነቱ ሲባል በዚህ ስም ነው የከሰሰው። ትውልደ ኢትዮጵያዊ አሜሪካዊ ነው። ቤቱ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ። በ2012 መጨረሻ ገደማ በኢሜል የደረሰውን አንድ አባሪ ፋይል ከፈተ። በክሱ እንደተዘረዘረው አብሮት ፊንስፓይ የተባለ የስለላ ፕሮግራም ገባ። የስካይፕ ንግግሩ ተቀዳ። ኢሜሉ ተነበበ። የቤተሰቡ የኢንተርኔት አጠቃቀም ተመዘገበ። ለወራት።

ኢሜሉን ያስተላለፈለት የሚያውቀው ሰው ነው። ያም ሰው ከሌላ ተቀብሎት ነበር።

በ2014 የኢትዮጵያን መንግሥት ከሰሰ። የዋሽንግተን ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ማርች 14፣ 2017 ክሱን አልቀበልም አለ። ምክንያቱ፦ ድርጊቱ በሙሉ አሜሪካ ውስጥ አልተፈጸመም፤ የታሰበውና የተላከው ከውጭ ነው፤ ስለዚህ የውጭ መንግሥት ያለመከሰስ መብት አይነሳም። ፍርድ ቤቱ አልተደረገም አላለም። እዚህ አይታይም ነው ያለው።

ፋይሉ የተከፈተው ግን ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሰውየው ቤት ውስጥ ነው።

፨

የቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲው ሲቲዝን ላብ እንደ ኪዳኔ የተጠመዱ ኢትዮጵያውያንን ጉዳይ ለዓመታት ተከታትሏል። ማጥመጃዎቹን ብቻ በተራ ላስቀምጣቸው።

በ2013 ይፋ የሆነው፦ የተቃዋሚው ቡድን የግንቦት 7 አመራሮች ፎቶ። ፎቶ መስሎ የመጣው ፋይል ፊንስፓይን ይጭን ነበር። የሚታዘዘው ኢትዮጵያ ውስጥ ካለ ሰርቨር ነው።

ዲሴምበር 20፣ 2013፦ በሁለት ሰዓት ውስጥ ሦስት ሙከራ በቴሌቪዥን ጣቢያው በኢሳት ሁለት ባልደረቦች ላይ። በአንዱ ፒዲኤፍ የመሰለ ፕሮግራም፣ በሌላው የዎርድ ሰነድ። ፕሮግራሙ የሚላኑ ኩባንያ የሃኪንግ ቲም ሥራ ነው ተባለ።

በ2014 መጨረሻ፦ ስለ መጪው ምርጫ የሚያወራ ሰነድ። አሁንም ለኢሳት ሰዎች።

ከ2016 እስከ 2017፦ የኦሮሞ ተቃውሞን የሚመለከት ቪዲዮ። ሊንኩን ሲከፍቱት የታወቀ የቪዲዮ ድረ ገጽ የመሰለ ይመጣል፤ "ለማየት ፍላሽ ፕሌየርን አፕዴት አድርጉ" ይላል። አፕዴቱ የእስራኤሉ ሳይበርቢት የሸጠው የስለላ ፕሮግራም ነበር። ዒላማዎቹ በ20 አገሮች ተበትነዋል።

ማንም በሎተሪ አልተጠመደም። እያንዳንዱ የተላከለት፣ ሳያይ ማደር የማይችለው ነገር ነው።

፨

በጁላይ 2015 ሃኪንግ ቲም ራሱ ተሰበረ። 400 ጊጋባይት ሰነዱ ኢንተርኔት ላይ ተዘረገፈ። የኢትዮጵያ የኢንፎርሜሽን መረብ ደኅንነት ኤጀንሲ፣ ኢንሳ፣ በ2012 ለፕሮግራሙ 1 ሚሊዮን ዶላር መክፈሉ በሰነዶቹ ውስጥ ተገኘ።

የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 የጸደቀው በጁን 2016 ነው። ጎጂ ፕሮግራም ማሰራጨት ወንጀል ነው ይላል። ያለ ተቀባዩ ፈቃድ የማስታወቂያ ኢሜል መላክም ወንጀል ነው ይላል።

የሳይበርቢቱ ኢሜሎች በዚያው ዓመት ይላኩ ነበር።

ዛሬ ሕዝቡ አጠራጣሪ ኢሜል እንዳይከፍት የሚመክረው ኢንሳ ነው። ምክሩ ትክክል ነው። የምክር ሰጪው ያለፈ ታሪክ ግን በግልጽ ሊነገር ይገባል ብዬ አምናለሁ፤ እስካሁን ሲነገር አልሰማሁም።

፨

ይህን ለሾፌሮች ሳወራ የማገኘው መልስ አንድ ነው። "እሱ የፖለቲከኞች ነው፤ እኛ ምን አለን?"

ይህን ያለኝ ሰው ስልኩ ውስጥ የሞባይል ባንኪንግ አለው። የመታወቂያና የመንጃ ፈቃድ ፎቶ አለው። የጫነው ኮንቴይነር ቁጥር፣ የባለቤቱ ስም፣ የሚያልፍበት ቀን አለው።

፨

አንትወርፕ፣ ቤልጂየም። ከ2011 እስከ 2013። የኮኬይን አመላላሾች ወደቡ ላይ በሚሠሩ ድርጅቶች ላሉ ሠራተኞች ጎጂ ፕሮግራም ያዘለ ኢሜል ላኩ። ተከፈተ። ከዚያ በኋላ ኮንቴይነሮቹ የት እንዳሉ፣ የመልቀቂያ ኮዳቸውም ምን እንደሆነ ያዩ ነበር። ዕፁ የተደበቀበት ኮንቴይነር ባለቤት ከመድረሱ በፊት የራሳቸውን ሾፌር ልከው ያወጡታል። ነገሩ ሲነቃ ድርጅቶቹ ፋየርዎል አስገቡ። ሰዎቹ በሌሊት ቢሮ ሰብረው ገቡና የሚጻፈውን የሚለቅም መሣሪያ የኤሌክትሪክ ማከፋፈያ ውስጥ ደብቀው ወጡ።

ባለ ጭነቱ ያስመጣው ሙዝ ወይም እንጨት ነበር። እሱም "እኛ ምን አለን" ሊል ይችል ነበር።

፨

አብዛኛው ቢሮ አንቲቫይረስ አስፈላጊ ነው ይላል።

አዲስ ኮምፒውተር ተገዝቶ ሲመጣ ኮምፒውተር የሚያስተካክለው ልጅ ዊንዶውስ ይጭናል፣ ኦፊስ ይጭናል። ያልተገዛ ስለሆነ አክቲቬተር ያስፈልገዋል። አክቲቬተሩ መጀመሪያ የሚጠይቀው አንቲቫይረሱ እንዲጠፋ ነው። ይጠፋል። አንዳንዱ ሥራው ሲያልቅ መልሶ ያበራዋል። አንዳንዱ "ያስቸግራል" ብሎ እንዳጠፋው ይተወዋል። ከዚያ ክራክ የተደረገ ሌላ አንቲቫይረስ ይጭናል።

ከዊንዶውስ ጋር በነጻ የሚመጣው ዲፌንደር፣ ከበራና አፕዴት ከተደረገ፣ ለአንድ ትንሽ ቢሮ የሚናቅ አይደለም። ነጻ ስለሆነ ይመስለኛል የሚናቀው።

፨

ቢጫዋ መስመር። ማክሮ፣ ማለትም ሰነድ ውስጥ የሚቀመጥ ትንሽ ፕሮግራም፣ ያለበት የዎርድ ወይም የኤክሴል ፋይል ሲከፈት ከላይ ትመጣለች። አዝራሯ ላይ ኢኔብል ኮንተንት ይላል። የማጥመጃው ሰነድ ደብዛዛ ሆኖ ይታያል፤ መሀሉ ላይ "በግልጽ ለማንበብ ከላይ ያለውን ይጫኑ" ተብሎ ተጽፏል። ያንን የጻፈው ማይክሮሶፍት አይደለም። የፋይሉ ላኪ ነው።

ዎርድ ፋይል ውስጥ የሚደበቅ ማክሮ ቫይረስ ከ1995 ጀምሮ ይታወቃል። ከኢንተርኔት በመጡ ፋይሎች ላይ ማክሮ እንዲሁ እንዳይሠራ ማይክሮሶፍት የወሰነው በ2022 ነው። ያኔ ወንጀለኞቹ ወደ አይኤስኦና ወደ ዋንኖት ፋይሎች ዞሩ። ፔካ 12 አካባቢ ካየኋቸው ኮምፒውተሮች አብዛኞቹ ኦፊስ 2010 ነው ያላቸው። ውሳኔው እነሱ ዘንድ አልደረሰም።

አንዲት ጸሐፊ ቢጫዋን መስመር ሳታነብ ትጫናለች። "ካልተጫንኩ አይከፈትማ" አለችኝ።

፨

"አፕዴት ዳታ ይበላል።" ስለዚህ ይዘጋል። የጅቡቲ ዳታ ውድ ነው፤ ቅሬታው እውነት ነው።

እዚያው ኮምፒውተር ላይ ከሰዓት በኋላ ሙሉ ድራማ ይታያል።

ዊንዶውስ 7 የመጨረሻውን ነጻ የደኅንነት ጥገና ያገኘው በጃንዋሪ 2020 ነው። ዊንዶውስ 10 ኦክቶበር 14፣ 2025 ላይ መደበኛ ድጋፉ አበቃ። ሁለቱም ፔካ 12 ላይ እየሠሩ ነው።

፨

ሁሉም አካውንት አድሚን ነው፤ የፈለገውን መጫን ይችላል። ጥበቃው ጌም የሚጫወትበት ጭምር።

፨

"ባክአፕ አለን።" አሳዩኝ አልኋቸው። ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ ነው። ከኮምፒውተሩ ጀርባ ተሰክቷል። ከተሰካ ስንት ጊዜው እንደሆነ ማንም አያስታውስም፤ አቧራው ላይ የጣት አሻራ የለም። ፋይል ቆልፎ ገንዘብ የሚጠይቅ ፕሮግራም ቢገባ ያገኘውን ዲስክ ሁሉ ይቆልፋል። የተሰካው አብሮ ይሄዳል።

ጁን 27፣ 2017 ኖትፔትያ ሜርስክን ሲመታ በኢሜል አልነበረም፤ የዩክሬን የሒሳብ ፕሮግራም አፕዴት ውስጥ ተደብቆ ነው የመጣው። በጊዜው የዓለም ትልቁ የነበረው የኮንቴይነር መርከብ ድርጅት 45,000 ኮምፒውተርና 4,000 ሰርቨር እንደ አዲስ መጫን ነበረበት፤ በ10 ቀን። የኔትዎርኩ ዋና መዝገብ ቅጂዎች በየአገሩ ነበሩ፤ እርስ በርስ ስለሚነጋገሩ አንድ ላይ ጠፉ። የተረፈው አንድ ብቻ ነው፣ የጋናው። በዚያ ሰዓት ጋና መብራት ጠፍቶ ነበር።

ይህን ለቢሮው ሰዎች ነገርኋቸው። ገረማቸው። ዲስኩ ግን ከተሰካበት አልተነቀለም።

፨

ኢሜል የማይጠቀሙ ሾፌሮች ብዙ ናቸው። ለነሱ ማጥመጃው ቴሌግራም ላይ ይመጣል፤ ፋይሉ ኤፒኬ፣ የአንድሮይድ አፕ መጫኛ፣ ነው። "አዲሱ የባንኩ አፕ፣ ቶሎ ጫኑ።" ግሩፑ ውስጥ የለጠፈው ጓደኛቸው ነው። ስልኩ "ይህ ከማይታወቅ ምንጭ ነው" ብሎ ያስጠነቅቃል። ማስጠንቀቂያውን ለማለፍ የሚያስፈልገውን ቅደም ተከተል አንድ ወጣት ረዳት በቃሉ ያውቀዋል። ለሽማግሌዎቹ እሱ ነው የሚያልፍላቸው። "አባቴ፣ አምጣ እኔ ላድርግልህ።"

፨

ጅቡቲ ዓርብ ያርፋል፣ እሑድ ይሠራል። አዲስ አበባ ዓርብ ይሠራል፣ እሑድ ያርፋል።

ሐሙስ አመሻሽ ላይ ወደ አዲስ አበባ አንድ ኢሜል ይደርሳል። የጅቡቲው ወኪል ስም አለበት፤ ማኅተም ያለበት ደብዳቤ ተያይዟል። የባንክ ሒሳባችን ተለውጧል ይላል። ዓርብ ጠዋት ለማጣራት ይደወላል፤ የጅቡቲ ቢሮ ዝግ ነው። ዕቃው ቆሟል። ይከፈላል።

አንዳንዴ ከዚህ በፊት አንድ አታችመንት ተከፍቷል፤ ሰዎቹ ምልልሱን ለሳምንታት ሲያነቡ ቆይተዋል። ወኪሉ የሚጽፍበትን አኳኋን ያውቃሉ። "ወንድም" ብሎ እንደሚጀምርም ያውቃሉ። የአሜሪካው ኤፍቢአይ በ2023 ብቻ በዚህ ዓይነት የኢሜል ማጭበርበር 2.9 ቢሊዮን ዶላር መጥፋቱ ሪፖርት እንደተደረገለት አስታውቋል። እኛ ዘንድ የደረሰባቸው ነጋዴዎች ለፖሊስ ከማመልከት ለንስሐ አባታቸው መንገር ይቀላቸዋል። ስም ይጠፋል፤ ባንክ ይጠረጥራል።

መከላከያው ቀላል ነው። ደብዳቤው ላይ ባለው ስልክ ሳይሆን ቀድሞ በሚታወቀው ስልክ መደወል፣ ድምፁን መስማት። አንድ ቢሮ ይህንን ደንብ አድርጎ ግድግዳ ላይ ሰቅሎታል። ከሥሩ የሥራ አስኪያጁ ፊርማ አለ። ሒሳብ ሹሟ እንዳጫወተችኝ ደንቡ የሚጣሰው ሲቸኮል ነው፤ "ለዛሬ ብቻ እለፊው" ብለው የሚደውሉት ራሳቸው ፈራሚው ናቸው።

፨

ሌላ ቢሮ። አለቃው ሠራተኞቹን ሰበሰቡ። "ልጆቼ፣ የተሳሳተ ነገር ከከፈታችሁ ወዲያው ንገሩን። ማንም አይቆጣችሁም" አሉ። ትክክለኛ ንግግር ነው። ኬብሉን ነቅሎ፣ ዋይፋዩን አጥፍቶ፣ ቶሎ መናገር ብዙ ያድናል። ፓስወርዱ ከሌላ መሣሪያ ይቀየራል፤ ባንኩ ቀድሞ ይነገረዋል፤ ሌሎቹ ኮምፒውተሮች ይተርፋሉ። የመጀመሪያዋ ሰዓት ከየትኛውም አንቲቫይረስ ትበልጣለች።

ከስብሰባው በኋላ ደብዳቤ ወጣ። "በጥንቃቄ ጉድለት ለሚደርስ ጉዳት ሠራተኛው ከደመወዙ ተጠያቂ ይሆናል።" ሁሉም ፈርመው ተቀበሉ።

ደብዳቤው ከወጣ ወዲህ የተሳሳተ ነገር ከፍቻለሁ ብሎ የቀረበ ሠራተኛ የለም። በቢሮው የዓመት ሪፖርት ላይ "በኮምፒውተር ደኅንነት ረገድ የተመዘገበ ችግር የለም" ተብሎ ገብቷል።

ከሠራተኞቹ አንዷን ለብቻዋ አነጋገርኋት። እሷ ራሷ አንዴ፣ ጎኗ የምትቀመጠው ልጅ ሁለቴ ከፍተዋል። ኮምፒውተሩን አጥፍተው እንደገና አስነሱት። መልሶ ስለበራ ሥራቸውን ቀጠሉ።